የሙላው እጅ

ሙሾ አውራጇ «አባ መላ ሙላው» ብላ ሁለተኛውን ስንኝ ሳትጨርስ ዝናቡ በእድሩ ሸራ ላይ ወረደ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፤ ወዲያው ሸራው መንጣጣት ጀመረና የሴትዮዋ ድምፅ ከነስንኙ ተዋጠ። ዳስ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሊመቱ ያነሱትን እጅ እዚያው አቆዩት፤ ወንዶቹ የደፉትን አንገት ቀና አድርገው ጆሯቸውን ወደ ላይ ሰጡ። የሟቹ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ሃሩን ወደ አፉ ሊያስገባ የነበረውን ንፍሮ መዳፉ ላይ እንደያዘ ቀረ።

ደብሪቱ ባሏን የቀበረችው ትናንት ነው። ከትናንት ጀምሮ ስታለቅስ ድምፅዋ ተዘግቷል። አሁን ግን እሷም ልቅሶዋን አቋርጣ እንደ ሌላው ሰው ሸራውን እያዳመጠች መሆኗን ስታውቅ አፈረች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ለማልቀስ ሞከረች። እንባው እምቢ አለ።

«ይሄስ የሚዘልቅ ይመስላል» አለ አንዱ ከኋላ፣ በሹክሹክታ።

«አፍህን ያዝ፣ ለቅሶ ቤት ነው ያለኸው» አለው ሌላው። እሱም ግን ጆሮውን ከሸራው አልመለሰም።

ለማያውቅ ሰው ነውር ይመስላል። ነገር ግን ግንቦት ተጋምሶ አንድም ደህና ዝናብ አልጣለም ነበር። በጊዳ አያና ምድር የበቆሎ መዝሪያው እያለፈ ነው። ማሳው ታርሶ፣ ተደግሞ፣ ጓሉ ደርቆ ይጠብቃል። ምርጥ ዘሩ ከነከረጢቱ በየቤቱ ጥግ ቆሟል፤ ያ ቢበላሽ ሁለተኛ ዘር ያለው ሰው በመንደሩ የለም። ዝናብ ሲመጣ ጆሮውን የማይሰጥ ገበሬ ቢኖር በዚያ ሰዓት ሙላው ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ዝናብ ያውቃል የተባለው ሰው ነው።

መንደሩ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ሰው መንደር ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ መኪና ተጭኖ መጥቶ፣ ዛሬም በአንድ እድር ይቀባበራል። ሁለት የማይሻር ልማድ አለው። አንደኛው ከወሎ ይዞት የመጣው ነው፤ ሰው ሞቶ ሰልስቱ ሳይወጣ በሬ አይጠመድም። ሁለተኛው እዚሁ የበቀለ ነው፤ የሙላው እጅ ሳይጀምረው በቆሎ የሚዘራ የለም።

ሰፋሪው እንደመጣ በመጀመሪያው ዓመት የመጋቢቱን ካፊያ የወሎ በልግ መስሎት ያለውን ዘር ሁሉ መሬት ላይ ጣለው። ያኔ ሙላው ጢሙ ገና ያልበቀለ ጎረምሳ ነበር። ከወንዙ ማዶ ከሚኖሩ ዋቅወያ ከሚባሉ ሽማግሌ ጋር ተወዳጅቷል፤ እሱ ኦሮምኛ አያውቅም፣ እሳቸው አማርኛ አያውቁም። ዘር ሊጥል ሲል ሽማግሌው ወንዙን ተሻግረው መጡና የእጁን አንጓ ይዘው «ኤጊ» አሉት። ቆይ ማለታቸው ነው። ደመና በመጣ ቁጥር ይነሳል፣ እሳቸው ይመጣሉ፣ እጁን ይይዛሉ። አንድ ቀን መጡና ራሳቸው ዘሩን አስጨበጡት። የሌላው ሰው ዘር መሬት ውስጥ ተቃጥሎ ቀረ፤ በዚያ ዓመት ሰፈሩን ያበላው የሙላው በቆሎ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም የሙላውን እጅ መጠበቅ ጀመረ። እሱ ሲዘራ በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ይዘራል፤ እሱ ሲቆይ ሁሉም ይቆያል። ሙላው ከዋቅወያ የተማረውን አልረሳም፤ ከዓባይ በረሃ የሚነሳውን ነፋስ፣ የብሳናውን ቅጠል፣ የጉንዳኑን መንገድ ያያል። ብዙ ዘመን አልሳተም። ደብሪቱ ስታገባው ሴቶቹ «አንቺስ ዝናብ አገባሽ» ብለው ቀልደውባታል። እሷም ኮርታበት ነበር።

ዝናቡ እስከ ቀትር ዘነበ። የሃሩን ሚስት ሩክያ ከደብሪቱ አጠገብ ተጠግታ ተቀመጠች። ኩባያ ውሃ አቀበለቻትና እስክትጠጣ ጠበቀች።

«ደብሪ፣ ሰዉ የሚለውን ሰማሽ?»

«ምን አለ?»

«እጁ ከነቤቱ ነው ይላል። ሰልስቱ ሲወጣ ደብሪቱ ትጀምርልናለች ይላል።»

«እኔ?»

«ሙላው ሲያርስ ከኋላው ሆነሽ ትልሙ ውስጥ ዘር ስትጥይ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ? ከአንቺ በላይ ማን ያውቅለታል?»

ደብሪቱ ኩባያውን መለሰችላት። ዘር ስትጥል መኖሯ እውነት ነው። ሙላው የሚያውቀውን ማወቋም እውነት ነው፤ ሩክያ ያልገባት ያ የሚያውቀው ነገር ምን እንደነበረ ነው።

ልጇ ሆሳዕና ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር፣ ቤት ተከራይታ የምትኖር አስተማሪ ናት፤ መርዶውን ሰምታ የመጣችው በቀብሩ ጠዋት ነው። ሃሩን ከዳሱ ዳር ጠራት።

«ሆሳዬ፣ ያ ስልክሽ ስለ ዝናቡ ምን ይላል?»

ሆሳዕና ስልኳን አውጥታ አየች። «የሚቀጥለው ሳምንት ስልሳ በመቶ ይዘንባል ይላል፣ አባ ሃሩን።»

«ስልሳው ለማን ነው? አርባውስ ማን ላይ ሊወድቅ ነው?»

«ይሄ ለኛ መንደር ብቻ አይደለም። ለነቀምትም ለአያናም አንድ ላይ ነው የሚናገረው።»

«እሱማ የኔ ፍየልም ይናገራል» አለ ሃሩን። ሊቀልድ ነበር፤ ሳቅ ግን አልመጣለትም። ሆሳዕና ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰች።

ደብሪቱ ከዳሱ ወጥታ ከቤቱ ኋላ ግንድ ላይ ተቀመጠች። ልቧ ወደ ካቻምና ሄደ። ካቻምና የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ሙላው «ይሄ አታላይ ነው» ብሎ ቆየ። መንደሩም ቆየ። አታላይ አልነበረም፣ እውነተኛው እሱ ነበር። ዘግይቶ የተዘራው በቆሎ በኅዳር ሊሰበሰብ ሲል ማባራት የረሳ ዝናብ ደረሰበትና ቆሞ በአገዳው ላይ በቀለ፤ የቀረውም ሻገተ። ማንም ሙላውን ምንም አላለውም።

አምና ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ዕለት ማምሻውን ሙላው ከማሳው ተመልሶ፣ ጭቃውን ሳያራግፍ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«ደብሪ፣ አላውቀውም» አላት።

«ምኑን?»

«ዝናቡን። ድሮ ገና ሲመጣ አውቀው ነበር። አሁን እንግዳ ሆኖብኛል። ድርቁን ወሎ ትተነው የመጣን መስሎን ነበር፤ ዱካችንን አግኝቶ መጣ።»

«ታዲያ ንገራቸዋ። አላውቅም በላቸው።»

«ከዚያስ ማንን ይጠይቁ?»

እራት አቀረበችለት፣ አልበላም። ይቆያል ብላ ነበር። በማግስቱ ከወንዝ ስትመለስ ግን በሬዎቹን ጠምዶ ትልሙን ጀምሮ አገኘችው፤ ዝም ብላ ከኋላው ገብታ ዘር መጣል ያዘች። መንደሩም ተከተለ። ከዚያ ሰማዩ ጥርግ አለ፤ የፈለቀው ዘር ሁሉ ከሥሩ ነደደ። ያንን ዓመት መንደሩ ዘግይቶ በጣለው ዳጉሳና ከዘመድ በለመነው እህል አለፈው። ያኔም ማንም ሙላውን ምንም አላለውም። ከዚያ ወዲህ የሙላው ሰውነት መክሳት ጀመረ። ሐኪም «ልብህ ደክሟል» ብሎታል፤ ደብሪቱም ይህን ካወቀች ቆይታለች።

ቢራቱ ዝናቡ ሲያባራ መጣ። የዋቅወያ ልጅ ነው፤ አባቱ ካረፉ በኋላ የማዶውን መሬት የሚያርሰው እሱ ነው። ትናንት ከመቃብር ቆፋሪዎቹ ጋር ሲቆፍር ውሏል፤ ዛሬ ቅል ሙሉ እርጎ አንጠልጥሎ ተመለሰ። በዚያ ክፉ የግጭት ጊዜ፣ ማዶውም ወዲህኛውም ቤቱን ጥሎ በሸሸበት ዓመት፣ ሙላውና ቢራቱ ነቀምት ውስጥ በአንድ ግቢ ተጠግተው ነበር። ሲመለሱም አብረው ነው የተመለሱት።

«ጀባዹ፣ ሃዳ ሆሳዕና» አላት። በርቺ፣ የሆሳዕና እናት፣ ማለቱ ነው።

«ዋቅ ይስጥልኝ፣ ኦቦ ቢራቱ። ተቀመጥ።»

ግንዱ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። ከመሬቱ እንፋሎት ይነሳል። ቢራቱ በትሩን ማዟዟር ያዘ።

«ዋቅ ይቅር ይበለኝ፣ ለለቅሶ ብቻ አልመጣሁም» አለ። «ልጠይቅሽ ነው። ሙላው ከመሞቱ በፊት ስለዘንድሮ ቦካ፣ ስለ ዝናቡ፣ ምን አለ? መቼ ይዘራ አለ?»

ደብሪቱ ዞራ አየችው። «አንተ እኔን ትጠይቀኛለህ? የዋቅወያ ልጅ?»

«አባቴ የሚያውቀው ቦካ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው። ብሳናው ያለ ጊዜው ቅጠል ያወጣል፣ ያለ ጊዜው ይጥላል። ጉንዳኑም ግራ ገብቶታል። እኔ አባቴ ከሞቱ ጀምሮ ሙላውን እያየሁ ነው የምዘራው።»

«ሙላውን?»

«ኤዬ። ከኛ ኮረብታ ላይ ማሳችሁ ጥርት ብሎ ይታያል። የዘር ከረጢቱን ይዞ ከወጣ እጠምዳለሁ። ካልወጣ እቀመጣለሁ።»

«አምናስ?»

«አምናም እንደዚያው። ጠዋት ከረጢቱን ተሸክሞ ሲወጣ አየሁና በሬዎቼን አወጣሁ።»

ደብሪቱ ዓይኗን ጨፈነች። አምና በዚያ ጠዋት ሙላው ከረጢቱን ተሸክሞ የወጣው ሊዘራ አልነበረም። ሌሊት ጣሪያው አፍስሶ ነበርና ዘሩን ወደ ደረቁ ጎተራ ሊያዛውረው ነው። ማምሻውን፣ ከዘራ በኋላ፣ «ምን አስቸኮለህ?» ብላ ስትጠይቀው የነገራት ትዝ አላት። ከረጢቱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ወደ ማዶ ሲያይ ቢራቱ በሬ ሲጠምድ አየ። «የዋቅወያ ልጅ ጠምዷል፤ አገሩ የነሱ ነው፣ እነሱ ያውቃሉ» አለና ከረጢቱን ወደ ጎተራው ሳይሆን ወደ ማሳው ይዞት ሄደ።

ይህን ሁሉ ለቢራቱ ነገረችው። ቢራቱ በትሩን ማዟዟሩን ተወ።

«እሱ እኔን እያየ፣ እኔ እሱን እያየሁ» አለ። ከዚያም፣ «ያ ሁሉ መንደር ደግሞ እሱን እያየ። ማንም ሰማዩን አላየም ማለት ነው።»

«ሰማዩን ቢያይስ ምን ያገኛል?»

ሁለቱም አላለቀሱም፤ ለዚህ የሚሆን እንባ የለም። ቢራቱ ተነስቶ ወደ ወንዙ ወረደ። ደብሪቱ እርጎውን ይዛ ወደ ዳሱ ተመለሰችና ለሴቶቹ አከፋፈለች።

በሰልስቱ ጠዋትም ዘነበ። ካህኑ ጸሎቱን አድርሰው፣ ንፍሮው ተቀማምሶ፣ ሰው ሁሉ መነሻው ሲደርስ የተነሳ የለም። ወንዶቹ ከዳሱ ውጪ ቆመው ጫማቸውን ያያሉ። ሃሩን በሌሎቹ ተገፍቶ ወደ ደብሪቱ ቀረበ።

«ደብሪ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ። «የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ አንቺን ማስቸገር ነውር ነው። አላህ ይቅር ይበለን። ግን ዝናቡ እኛን አይጠብቅም። ነገ እንጥመድ ወይስ እንቆይ? የሙላው ቤት ያለውን እናደርጋለን።»

ደብሪቱ የቆመውን ሰው አየችው። አንዳንዱን ልጅ ሆኖ ታውቀዋለች፤ አንዳንዱን ባሏ ክርስትና አንስቶታል። ሁሉም አፏን ያያሉ። «ጥመዱ» ብትልና ሰማዩ እንዳምናው ቢዘጋ፣ መንደሩ የሚዘራው ሌላ ዘር የለውም። «ቆዩ» ብትልና እውነተኛው ዝናብ ይሄ ሆኖ ቢያልፍ የካቻምናው ይመጣል። ሙላው እንዲህ መሃል ላይ እንደቆመ ነው የሞተው።

«ሙላው አያውቅም ነበር» አለች።

ሩክያ ከጎኗ ነጠላዋን ጎተተቻት። ደብሪቱ አልተመለሰችላትም።

«አምናም አያውቅም ነበር። አንድ ማታ እኔን ብቻ ነው የነገረኝ። አፈሩ ይቅለለውና ስሙን ላጠፋ አይደለም። ነገ የሙላው እጅ ነው ብላችሁ የልጆቻችሁን ጉሮሮ እንዳትሰጡኝ ነው። ያ እጅ ቀርቷል። ከመሞቱም በፊት ቀርቶ ነበር።»

«እማ» አለች ሆሳዕና። አባቷ በሰው ፊት የተራቆተ መስሏት ፊቷ ደም መሰለ።

ሃሩን መሬቱን አየ። «እናውቃለን» አለ።

«ምኑን?»

«እንደማያውቅ። ሙላው ድሮ ዘር ሲጀምር ቀና ብሎ ሰማይ አያይም ነበር። ካቻምና አየ። አምና ደግሞ ደጋግሞ አየ። ያኔ ገባን።»

«ገብቷችሁ ነው የተከተላችሁት?»

«ደብሪ፣ ብቻዬን ዘርቼ ቢቃጠልብኝ ልጆቼ የሚያዩት እኔን ነው። ከሙላው ጋር ዘርቼ ቢቃጠል ሁላችንም አንድ ላይ ሰማይ እናያለን። ምን እናድርግ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።»

ደብሪቱ ተቆጣች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ስትቆጣ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። «እናንተ ሰማይ ታያላችሁ» አለች። «እሱ ግን እናንተን ነበር የሚያየው። ዓመት ሙሉ በመስኮት የያንዳንዳችሁን ማሳ ሲያይ ነው የከረመው። እህል እምቢ አለው። አንድ ሰው መጥቶ ሙላው ተሳሳትክ ቢለው ኖሮ ምናልባት ይበላ ነበር። ማን መጣ?»

ሃሩን አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ ሰዉ ፊቱን አዞረለት።

«እውነትሽን ነው» አለ መጨረሻ ላይ። ከዚያ ፊቱን በጋቢው ጠረገና፣ ሌላ የሚለው ስለሌለው፣ ያንኑ ጠየቀ። «ታዲያ ነገ ምን እናድርግ?»

ሆሳዕና ናት የተናገረችው። «ግማሹ ሰው ነገ ይዝራ፣ ግማሹ ይቆይ። አንዱ ቢበላሽ አንዱ ይተርፋል። የተረፈው ያልተረፈለትን ያበላል። የግብርና ሰዎችም እንዲህ ይመክራሉ።»

«ጥሩ ነው፣ ልጄ» አለ ሃሩን። «የሚቃጠለው ግማሽ ውስጥ ማን ይግባ?»

ሆሳዕና ወደቆሙት ሰዎች ዞረች። እያንዳንዱ ከጎኑ ያለውን አየ፤ ወደፊት የመጣ ሰው የለም።

«ሁሉም የራሱን ማሳ ግማሽ ይዝራ እንግዲያው» አለች።

«የኔ ማሳ ሞልቶ ቢያፈራም ዓመት አያደርሰኝም። ግማሹን እያወቅሁ ከጣልኩ ለማን ግማሽ ልጆቼ ነው የማበላው?» ይህን ያለው ከኋላ የቆመ ጎልማሳ ነው። በቁጣ አልነበረም የተናገረው፤ መልስ ካላት ሊሰማት ነው። ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የምታውቀው ነገር ሁሉ እዚህ ሲደርስ ቃል ሆኖ ቀረ። ወደ እናቷ ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

ደብሪቱ ደክሟት ነበር። ሁሉም ወደ ቤቱ ሄዶ ብቻዋን ሙላውን እንድታለቅስ ፈለገች። አይሄዱም። ካልተናገረች እስከ ማታ ይቆማሉ፤ ነገም ይመጣሉ።

«እኔም አላውቅም» አለች። «ግን ዘሩ ቤት ውስጥ አይበቅልም። ጥመዱ።»

ሰዉ ተነፈሰ። አንዳንዱ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሎ፣ አንዳንዱ እጇን ስሞ ወጣ። ሸክሙን ከጀርባው አውርዶ የሰጣት ሰው እንደሚቀለው ቀልሏቸው እንደሚሄዱ ታውቅ ነበር፤ አልቀየመቻቸውም።

በማግስቱ ሃሩን የራሱን በሬዎች አምጥቶ በሙላው ማሳ ላይ ጠመደ። ደብሪቱ ከነጥቁር ልብሷ ከኋላው ገባች። የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች ትልሙ ውስጥ ጣለችና በእግሯ አፈር መለሰችባቸው። ሰው በየአጥሩ ቆሞ አየ፤ ከዚያ ወደየማሳው ተበተነ። ከማዶ ኮረብታ ላይ ቢራቱም በሬዎቹን አውጥቶ ቆሞ ነበር። ወዲህ ያያል። ደብሪቱ እጇን አንስታ እኔን አትየኝ ልትለው ፈለገች፤ ከዚያ ርቀት ግን እጅ ማንሳት ሰላምታ ነው የሚመስለው። እሱም እጁን አነሳላትና ጠመደ።

ያን ዕለት ከሰዓት ደመናው ተሰባስቦ ወደ ሌላ አገር ሄደ። በማግስቱ ፀሐይ ከጠዋቱ ጀምሮ ወጣች። ከዚያ በኋላም ወጣች።

ለቅሶው ግን ከበፊቱ ይልቅ ሞላ። ሸራው ሲፈርስ ሰው ወደ ቤቱ ገባ። እንጀራው፣ ንፍሮው፣ ቡናው ከየቤቱ ይጎርፋል። ሩክያ ማልዳ መጥታ ማታ ትሄዳለች። ሃሩን የሙላውን አጥር ሊጠግን ምስማርና መዶሻ ይዞ መጣ። ስለ መንገዱ ይወራል፣ በአኖ ከተማ በኩል ስለሚያልፈው መኪና ይወራል፣ ስለ ሆሳዕና ትምህርት ቤት ይወራል። ስለ ሰማዩ የሚያነሳ የለም። ደብሪቱ አምና ባሏን የከበበው ምን እንደነበረ የገባት ያኔ ነው። ሙላው ላይም የሆነው ይሄው ነበር፤ አንድም ሰው አላስቀየመውም፣ ሁሉም ደግ ሆኑለት። ባሏ ያንን ዓመት እንዴት እንዳሳለፈው አሁን በሥጋዋ አወቀችው። በሕይወት እያለ ብታውቅለት ኖሮ ምን ታደርግለት እንደነበር ግን አላወቀችም።

ሆሳዕና ወደ ነቀምት የምትመለስበት ቀን ደረሰ። «ነይ ከኔ ጋር፣ እማ» አለቻት። «እስኪለይለት እንኳ።»

«እስኪለይለትማ አልሄድም» አለች ደብሪቱ። ልጇን እስከ መኪናው መንገድ ሸኘቻት፣ ሳመቻት፣ ስልኳን አየት አድርጋ እንድትነግራት አልጠየቀቻትም።

ስትመለስ ሃሩን በቀትሩ ፀሐይ አጥሩን ሲመታ አገኘችው። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ቤት ገብታ በትንሽ ጀሪካን ውሃና ኩባያ ይዛለት ወጣች። ቀድታ ሰጠችው። ሃሩን ኩባያውን ተቀብሎ ሊጠጣ ሲል ዓይኑ ከአጥሩ ወዲያ ወዳለው ማሳ ሄደ፤ እዚያው ቆመ። ትልሙ ላይ ያለው አፈር ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። ትናንት አንዱን ጓል ፈልፍለው አይተውታል። ፍሬው አብጦ ነጭ ሥር አውጥቷል፤ ሥሩ የሚይዘው እርጥብ ግን አላገኘም።

ደብሪቱ በአጥሩ ቀዳዳ አልፋ ገባች። መጀመሪያ ዘር የጣለችበት፣ የትልሙ ራስ ላይ ደርሳ ቁጢጥ አለች። ጀሪካኑን ዘንበል አድርጋ ውሃውን ቀስ እያለች አፈሩ ላይ አወረደችው። ሙላው ከማሳ ሲመለስ እጁን እንዲህ ነበር የምታስታጥበው፤ በቀጭኑ፣ ጭቃው እስኪለቅ፣ ሳትቸኩል። አፈሩ ውሃውን ወዲያው ጠጣው። ደግማ አፈሰሰች። ጀሪካኑ አንዱን ትልም እንኳ እንደማያዳርስ ታውቃለች። የእሷ ማሳ፣ የሃሩን ማሳ፣ የቢራቱ ማሳ፣ ያ ሁሉ መሬት ፀሐይ ላይ ተኝቷል።

ውሃው አለቀ። ደብሪቱ ጀሪካኑን ገልብጣ አራገፈችው፤ ሁለት ጠብታ ወረደ። ጥላ ሲወድቅባት ቀና አለች። ሃሩን አጠገቧ መጥቶ ቆሟል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጎንበስ ብሎ ያልጠጣውን ኩባያ ውሃ ሰጣት።